የስኳር ሕመም ያለበት ውሻና የእንቅስቃሴው ልክ፦ በቆቦና በራያ ቆላ



ኢንሱሊን ለሰው ልጅ የደረሰው በውሻ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ በስትራስቡርግ የአንድን ውሻ ቆሽት ቢያወጡ፣ ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ። በ1921 ደግሞ ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ከቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ እንዲህ ለታመሙ ውሾች እየወጉ የደም ስኳራቸው ሲወርድ ተመለከቱ። ዛሬ ለታመመ ውሻ መጨነቃችን የዚያ ውለታ ጥቂት መመለሻ ነው።

የውሻ የስኳር በሽታ በአብዛኛው የኢንሱሊን እጥረት ስለሆነ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት እንበል። ይህን ማስታወስ አይከብድም። የሚከብደው በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ በልክ መያዝ ነው።

በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይስባል፤ የደም ዝውውር ሲፈጥንም የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ሊሰራጭ ይችላል። ስለዚህ እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል፤ እንደ መድኃኒትም ሰዓትና መጠን ይፈልጋል። ድንገተኛና ረጅም ሩጫ የደም ስኳርን አደገኛ እስከሚሆን ድረስ ሊያወርደው ይችላል።

የአገራችን የዘብ ውሻ ኑሮ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በቆላው ሙቀት ቀኑን ጥላ ሥር ተጋድሞ ይውላል፤ ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ ተነሥቶ ያባርራል። ያን ጊዜ የማታው መርፌ በሥራ ላይ ነው፤ ውሻው ደክሞ ቢወድቅ ባለቤቱ ተኝቷልና የሚያየው የለም። ስለዚህ የታመመ ውሻ ከሌሊት ዘብነት ይረፍ፤ ማታ ግቢ ውስጥ ይደር። ከብቱን በእርሱ ተማምኖ ለሚተኛ አርሶ አደር ይህ ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የውሻው ሕይወት ያለው በዚህ ላይ ነው።

በምትኩ ጠዋት በልቶና ተወግቶ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ለተመሳሳይ ጊዜ ቀስ ብሎ ይራመድ። የጉዞው ርዝመት የሚጨመረው ከእንስሳት ሐኪም ጋር በመመካከር፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ሕመሙ ብዙ ስለሚያሸናው ውኃ አይለየው። የዓይን ሞራ በእነዚህ ውሾች ላይ የተለመደ በመሆኑ በገመድ ተይዞ በለመደው መንገድ ይሂድ። የቤት ትርፍራፊ የሚበላ ውሻ ምግቡ በጾምና በፍስክ ይለዋወጣል፤ የታመመው ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ በአንድ ልክ ያግኝ። ምግብ እምቢ ካለ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወጋ፤ ለእግር ጉዞም አይውጣ።

ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከፈዘዘ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጉዞውን አቁማችሁ ማር ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ድዱን ቀቡት፤ መዋጥ ከቻለ አብሉት፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም ውሰዱት። እየተንፈራገጠ ከሆነ ግን እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ።

ስለዚህ ከውሻው ጋር ለመራመድ ስትወጡ ጥቂት ማር በኪሳችሁ ያዙ።