ሐኪሙ ስለ ጦር መሣሪያ ለምን ይጠይቃል? ተረትና እውነታ

በአሜሪካ ልጁን ለመደበኛ ምርመራ ወደ ሕፃናት ሐኪም የወሰደ ወላጅ ብዙ ነገር ይጠየቃል። ልጁ መኪና ውስጥ በራሱ መቀመጫ ይታሰራል ወይ? ቤት ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ? መድኃኒቱስ የት ነው የሚቀመጠው? እነዚህን ማንም አይቀየምም። «ቤት ውስጥ ጦር መሣሪያ አለ?» የሚለው ሲመጣ ግን የብዙ ሰው ፊት ይለወጣል። የመሣሪያ ነገር የሚነሳው መንግሥት ሲያስመዘግብ ወይም ሲያስፈታ ብቻ ከሆነበት አገር ለሄደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ጥያቄው ከሐኪም አፍ የወጣ የመንግሥት ጥያቄ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ከሚወራው አብዛኛው ስህተት ነው። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው መሣሪያው ተቆልፎ መቀመጡንና በጭንቅ ሰዓት ማን እጅ ሊገባ እንደሚችል ነው፤ የባለቤትነት መብቱ የሐኪሙ ጉዳይ አይደለም።

«ሕጉ ሐኪም እንዳይጠይቅ ይከለክላል» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። ፍሎሪዳ በ2011 ሐኪሞች ያለ በቂ ምክንያት ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁና በታካሚው መዝገብ ላይ እንዳያሰፍሩ የሚያግድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሐኪሞች ከሰሱ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በየካቲት 2017 ክልከላዎቹ የሐኪሙን የመናገር ነጻነት ይጥሳሉ ብሎ ሻራቸው። መሣሪያ ስላለው ብቻ ታካሚን ማግለል አይቻልም የሚለውን አንቀጽ ግን አጸናው፤ ይህም ተገቢ ነው። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግም እንዲሁ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። እርሱ የከለከለው በሕጉ ሥር የባለቤቶች የመረጃ ቋት እንዳይቋቋም እንጂ ሐኪምና ታካሚ እንዳይነጋገሩ አይደለም፤ ዋይት ሐውስም ይህንኑ በ2013 በግልጽ አስታውቋል። የፌዴራል መንግሥት ብሔራዊ የመሣሪያ ባለቤቶች መዝገብ እንዳያቋቁም የሚያግደው ሕግ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ አለ። ለሐኪሙ የተነገረው መልስ እንደ ማንኛውም የሕክምና መረጃ በምስጢር ይጠበቃል። ሕጉ ሐኪሙ ለሌላ ወገን እንዲናገር ከሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አንዱ በሰው ሕይወት ላይ የቀረበ ከባድ አደጋ ሲኖር ነው፤ መሣሪያ መያዝ ብቻውን ግን እንዲህ ያለ አደጋ አይባልም።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚገድለው እምነት ሌላ ነው፤ «መሞት የቆረጠ ሰው መንገድ አያጣም፣ መሣሪያውን ብታርቅበት ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚለው። በአሜሪካ በ2021 በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ48 ሺህ በላይ ሰዎች ከ26 ሺህ የሚበልጡት ሕይወታቸውን ያጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። ራስን የማጥፋት ስሜት ማዕበል አለው፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። በሂውስተን ከሞት ለጥቂት የተረፉ ወጣቶችን ያነጋገረ ጥናት፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከውሳኔ እስከ ሙከራ ያሳለፈው ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች እንደነበር አግኝቷል። በመሣሪያ ከሚሞክሩት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ በሌላ መንገድ ከሚሞክሩት ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ፣ ከተረፉትም አብዛኞቹ ኋላ ራሳቸውን አያጠፉም። ስለዚህ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ እጅ ምን ላይ ያርፋል የሚለው የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮቹ ለሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በጦር ሰፈር እንዲተዉ አዘዘ። በወጣት ወታደሮቹ መካከል ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ቅነሳው የታየውም በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ በሥራ ቀናት ይህን ያህል ለውጥ አልነበረም። ቁርጠኛ ሰው መንገድ አያጣም የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ወጣቶች ሌላ መንገድ በፈለጉ ነበር።

የልጆቹም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመኪና አደጋ መሆኑ ቀርቶ ጦር መሣሪያ ሆኗል። «ልጄ መሣሪያው የት እንዳለ አያውቅም» የሚል ወላጅ በልጁ አለማወቅ ላይ መተማመን የለበትም። በ2005 የታተመ ጥናት ያሳየው መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይት አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን ለብቻው መቆለፍና ከመሣሪያው ማራቅ እያንዳንዳቸው ከልጆችና ከወጣቶች ጉዳት መቀነስ ጋር እንደሚያያዙ ነው።

«ሐኪም ስለ ጠመንጃ ምን ያውቃል?» የሚሉ አሉ። በ2018 ለመሣሪያ ባለቤቶች የሚሟገተው የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ሐኪሞች ከሙያቸው እንዳይወጡ ሲገስጽ፣ በጥይት የተመቱትን የሚያክሙ ሐኪሞች ሙያችን ይኸው ነው ብለው መለሱ። ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሐኪሙ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ድብርት ምን እንደሚያደርግ፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸው አባት የገዛ ልጃቸውን እንደ ሌባ ሊያዩ እንደሚችሉ ግን ያውቃል። ተቃዋሚዎቹ እውነት ያላቸው በአንድ ነገር ነው፤ በነቀፌታ ድምፅ የሚጠይቅ ሐኪም ታካሚውን ዝም ያሰኘዋል። ጠይቆ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ማለፍም ጥቅሙ ትንሽ ነው። ውጤት የታየው ምክሩ ከነጻ የመሣሪያ ቁልፍ ጋር ለወላጆች ሲሰጥ ነው፤ ያኔ መሣሪያቸውን የሚቆልፉ ቤተሰቦች ጨምረዋል። ጥያቄው ድፍረት ነው የሚባለውም ቢሆን፣ በ2016 በታተመ ብሔራዊ ጥናት ከመሣሪያ ባለቤቶች ራሳቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐኪም ስለዚህ ቢያንስ አንዳንድ ጊዜ ቢያነሳ ተገቢ ነው ብለዋል።

መልስ አልሰጥም ማለት መብታችሁ ነው። ግን ከመከልከላችሁ በፊት አስቡበት፤ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁም ልጃችሁን አታስተርጉሙ፣ የሕክምና ተቋሙን ባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቁ። በቤታችሁ የተጨነቀ፣ ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰበት ሰው ካለና መሣሪያም ካለ፣ ሐኪም እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ መሣሪያውን ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ለጊዜው ከቤት አውጡት ወይም ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ በ988 ሌት ተቀን በነጻ የሚያነጋግር ሰው አለ፤ ደውሉ።