የሐዲድ ጫፎችን አጥብቆ ስለ ማጋጠም

የባቡር ሐዲድ ከሩቅ ሲያዩት ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ አንድ ወጥ ብረት ይመስላል። ነገር ግን ከብረት ፋብሪካ የሚወጣው ሐዲድ ርዝመቱ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ማናቸውም የባቡር መንገድ ከብዙ ሺህ ቍራጮች የተቀጠለ ነው። ነገሩን በሂሳብ ለመመልከት የድሮውን የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር እንውሰድ። ይህ መስመር ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እያንዳንዱ ሐዲድ 12 ሜትር ነው ብለን ብናስብ፣ በግራና በቀኝ ያሉት መጋጠሚያዎች ቍጥር ከ130,000 ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 4 ቡሎን ቢታሰር ደግሞ ቡሎኑ ከ520,000 ያልፋል። ተሳፋሪው ሕይወቱን በአደራ የሚሰጠው ለዚህ ሁሉ ቡሎን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሐዲድ ጫፎች በምን ዘዴ እንደሚጋጠሙ፣ መጋጠሚያው ከመንገዱ ሁሉ ደካማው ቦታ የሆነበትን ምክንያትና ብየዳ ይህን ድካም እስከ ምን ድረስ እንዳስወገደ ለማስረዳት እንሞክራለን። በመጨረሻም መጋጠሚያን የሚያጸናው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጠጠርና በየጊዜው የሚመረምረው ሰው መሆኑን እናሳያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከመጋጠሚያ የሚፈለገው ምንድን ነው?

ከአንድ መጋጠሚያ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ። አንደኛ፣ የሁለቱ ሐዲዶች ጫፍ በከፍታም በጎንም ተስተካክሎ መንኰራኵሩን ሳያደናቅፍ ማሳለፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ጭነት ሲያርፍበት ያልተቈረጠ ሐዲድ የሚሸከመውን ያህል መሸከም አለበት። ሦስተኛ፣ ብረቱ በሙቀት ሲረዝምና በብርድ ሲያጥር መንገድ ሊሰጠው ይገባል።

ችግሩ የሚመጣው ሦስተኛው ከፊተኞቹ ሁለት ጋር ስለሚጣላ ነው። አጥብቆ የያዘ አያንቀሳቅስም፤ የሚያንቀሳቅስም አጥብቆ አልያዘም። አንድ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 0.0115 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ እጅግ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በቆላ አገር ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ብረት ከአየሩ ሙቀት በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በሌሊትና በቀትር መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር የ12 ሜትሩ ሐዲድ 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። በሁለት ሐዲዶች ጫፍ መካከል ትንሽ ክፍተት የሚተወው ስለዚህ ነው፤ በቀድሞው ባቡር የተጓዘ ሰው የሚያስታውሰው ያ የማያቋርጥ ድምፅም መንኰራኵሩ ክፍተቱን ሲሻገር የሚያሰማው ነበር።

ማጋጠሚያው ብረት

በመጀመሪያው የባቡር ዘመን የሁለት ሐዲዶች ጫፍ በአንድ የብረት መቀመጫ ላይ ጐን ለጐን ከመቀመጥ በቀር እርስ በርሱ አይታሰርም ነበር። ባቡሩ እየከበደና እየፈጠነ ሲሄድ ግን ጫፎቹ እየተነሡና እየወደቁ አስቸገሩ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ብሪጅስ አዳምስ ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1847 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ሐዲዱን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች አቅፎ በቡሎን የሚያስር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ማጋጠሚያ ብረት» እንለዋለን።

የዚህ ብረት አሠራር ሲያዩት ቀላል ቢመስልም በውስጡ ብልኀት አለው። ሐዲድ ተቈርጦ ከጫፉ ቢታይ መንኰራኵር የሚሄድበት ራስ፣ ቀጠን ያለ ወገብና ሰፊ እግር አለው። ማጋጠሚያው ብረት ወገቡን አይነካም፤ ከላይ በራሱ ሥር፣ ከታች በእግሩ ጀርባ ላይ ባሉት ዘቅዘቅ ያሉ ገጾች መካከል ይገባል። ዳዶው በተጠበቀ ቍጥር ብረቱ እንደ ሽብልቅ ወደ ውስጥ እየተሳበ ራሱንና እግሩን ይወጥራል። እንግዲህ ጭነቱን የሚያስተላልፉት እነዚህ ዘቅዛቃ ገጾች ናቸው እንጂ ቡሎኑ አይደለም፤ የቡሎኑ ሥራ ሁለቱን ብረቶች ሳቦ መያዝ ነው።

በሐዲዱ ወገብ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከቡሎኑ ውፍረት ሰፋ ይላል። ሐዲዱ ሲረዝምና ሲያጥር በማጋጠሚያው ውስጥ የሚንሸራተተው በዚህ ትርፍ ስፋት ነው። ስለዚህ ገጾቹ በየጊዜው ቅባት ሊቀቡ ይገባል። ቅባት የጠፋበት መጋጠሚያ በዝገት ይያዛል፤ የተያዘ መጋጠሚያም በሙቀት ጊዜ አይዘጋም፤ በዚህም የተነሣ መርዘሙ ሁሉ ወደ ቀጣዩ መጋጠሚያ ተገፍቶ በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ መጨረሻውም የሐዲዱ መጣመም ነው።

ድካሙ ከወዴት ይመጣል?

ሁለት ማጋጠሚያ ብረቶች ቢደመሩም ያልተቈረጠውን ሐዲድ ያህል ጥንካሬ የላቸውም። ስለዚህ መንኰራኵሩ ሲደርስ መጋጠሚያው ከሌላው ቦታ ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ መንኰራኵሩም ክፍተቱን ተሻግሮ የሚቀበለውን ጫፍ እንደ መዶሻ ይመታዋል። ምቱ ከሐዲዱ ወደ ተጋዳሚው፣ ከተጋዳሚውም ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። (ከሐዲዶቹ ሥር አግድም የሚነጠፈውን እንጨት፣ ብረት ወይም ሲሚንቶ ተጋዳሚ ብለነዋል።) ጠጠሩ እየተሰበረ ይደቅቃል፤ ዝናብ ሲጨመርበትም ወደ ጭቃ ይለወጣል፤ ከተጋዳሚው ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ባዶው ሲሰፋ መጋጠሚያው ይበልጥ ይወርዳል፤ ይበልጥ ሲወርድም ምቱ ይበረታል። አንዱ ጥፋት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ምት በመጨረሻ የሚያርፍበት ቦታ የቡሎኑ ቀዳዳ ነው። በተበሳ ብረት ውስጥ ኃይል በቀዳዳው ዙሪያ ስለሚከማች፣ በሺህና በሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ምት ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያስጀምራል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው። ስንጥቁ ወገቡን ሰያፍ እያቋረጠ ወደ ራሱና ወደ ጫፉ ይሄዳል፤ የሚሄድበትም ቦታ በማጋጠሚያው ብረት የተሸፈነ ስለ ሆነ ተመልካች አያየውም።

ለዚህ የሚያሳዝን ምስክር በለንደን ውስጥ ሂዘር ግሪን በተባለ ስፍራ ይገኛል። በ1967 ዓ.ም. ኖቬምበር 5 ቀን እሑድ ማታ ከሄስቲንግስ ወደ ለንደን ይጓዝ የነበረ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ 49 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው፣ በአንድ መጋጠሚያ ላይ መንኰራኵሩን የሚቀበለው ሐዲድ ጫፍ በመጀመሪያው የቡሎን ቀዳዳ በኩል በድካም ተሰንጥቆ፣ ሦስት ማዕዘን ያለው ቍራጭ ከጫፉ ወድቆ ነበር። ከመጋጠሚያው ሥር ያለው ድጋፍም እንደሚገባ አልነበረም። በዚያ ሌሊት 49 ሰዎችን የገደለው አንድ የእጅ መዳፍ ሊሸፍነው በሚችል ቍራጭ ብረት መጕደል መሆኑን ስናስብ፣ የመጋጠሚያ ነገር የመሐንዲሶች ጥቃቅን ጕዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገባናል።

ቀዳዳውን ማስቀረት ይቻላልን?

ቀዳዳውና ክፍተቱ የችግር ምንጭ ከሆኑ ሐዲዶቹን በየዶ አንድ ማድረግ መፍትሔ ይመስላል። ግን ሙቀቱስ? አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያለ ምንም እሥራት ቢተው በ30 ዲግሪ ሙቀት 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ብዙ ሰው ረጅም ሐዲድ መበየድ የማይሆን ነገር መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ምስጢሩ ሐዲዱ እንዳይረዝም መከልከል ይቻላል በሚለው ነው። እንዳይረዝም የተከለከለ ብረት ርዝመቱ ሳይለወጥ በውስጡ ኃይል ያጠራቅማል። ይህም ኃይል በሐዲዱ ውፍረትና በሙቀቱ ለውጥ እንጂ በርዝመቱ አይወሰንም። በሜትር 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሐዲድ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ ሊገፋ የሚችለው በግምት 56 ቶን ክብደት ያህል ነው፤ ሐዲዱ 1 ኪሎ ሜትር ቢሆን ወይም 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኃይሉ ያው ነው። ስለዚህ ሐዲዱን ከተጋዳሚው ጋር የሚያስር ጠንካራ መያዣ፣ ከባድ ተጋዳሚና በጎንና በመካከል በደንብ የተሞላ ጠጠር ካለ ሐዲዱን አስሮ ማኖር ይቻላል።

በዚህ ላይ ሐዲዱ በመካከለኛ ሙቀት፣ ማለት ግፊትም ውጥረትም በሌለበት ልክ እንዲታሰር ይደረጋል። በእንግሊዝ አገር ይህ ልክ 27 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ሐዲዱ ይገፋል፤ ሲወርድ ይወጠራል። ልኩ እጅግ ዝቅ ካለ በቀትር መንገዱ ይጣመማል፤ እጅግ ከፍ ካለም በብርድ ሌሊት ሐዲዱ ወይም ብየዳው ሊበጠስ ይችላል።

በመንገድ ላይ የሚደረገው ብየዳ

በፋብሪካ ውስጥ ሐዲዶች በኤሌክትሪክ ኃይል ጫፋቸው ግሎ እርስ በርስ በመጫን ይበየዳሉ። በመንገድ ላይ ግን እስካሁን የሚሠራበት ዋና ዘዴ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሐንስ ጎልድሽሚት በ1895 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት ቴርሚት ነው፤ በ1899 ዓ.ም. በኤሰን ከተማ የትራም ሐዲድ ተበይዶበታል። አሉሚኒዩም ለኦክሲጅን ያለው ፍቅር ከብረት ስለሚበልጥ፣ የብረት ዝገትና የአሉሚኒዩም ዱቄት ተቀላቅለው ሲለኰሱ አሉሚኒዩሙ ኦክሲጅኑን ከብረቱ ይነጥቃል። 160 ግራም የብረት ኦክሳይድ ከ54 ግራም አሉሚኒዩም ጋር ተዋሕዶ 112 ግራም ብረትና 102 ግራም የአሉሚኒዩም ኦክሳይድ ይሰጣል። ከዚህ የሚወጣው ሙቀት ብረቱን አቅልጦ ያፈሰዋል፤ ቀላሉ የአሉሚኒዩም ኦክሳይድም ከላይ ይንሳፈፋል።

ሠራተኞቹ በሁለቱ ጫፎች መካከል 25 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋሉ፤ ጫፎቹን በቀጥታ መለኪያ አስተካክለው፣ ብየዳው ሲቀዘቅዝ እንደሚወርድ በማሰብ ጥቂት ከፍ ያደርጓቸዋል፤ ቅርጽ ማውጫውን አስረው ዙሪያውን በአሸዋ ይደፍናሉ፤ ጫፎቹን አስቀድመው ያግላሉ፤ ከዚያም የቀለጠውን ብረት ያፈሳሉ። ሲረጋ ትርፉ ይቈረጥና በሞረድ መኪና ይስተካከላል። ቅርጽ ማውጫው እርጥብ ቢሆን በብረቱ ውስጥ የአየር ቀዳዳ ይቀራል፤ ማግለሉ ቢያንስ ብየዳው ሳይዋሐድ ይቀራል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ያማሩ ናቸው፤ ጕድለታቸውን የሚገልጠው የድምፅ ሞገድ መመርመሪያ ነው።

ብየዳ የማይደርስበት ቦታ

ብየዳ መጋጠሚያን ፈጽሞ አላጠፋም። ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 ዓ.ም. ባወጣው ዘዴ፣ በሐዲድ ውስጥ የሚያልፍ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል የባቡሩን መኖር ለመብራቱ ያስታውቃል። አንዱን ክፍል ከሌላው ለመለየት በሐዲዶቹ ጫፍ መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ማግባት ያስፈልጋል፤ ይህም መጋጠሚያ ነው። መስመር በሚከፈልበት ቦታም ብዙ ጊዜ ቡሎን አይቀርም።

በ2013 ዓ.ም. ጁላይ 12 ቀን ከፓሪስ በስተደቡብ በብሬቲኚ ሱር ኦርዥ ጣቢያ የደረሰው አደጋ የዚህ ውጤት ነው። በመስመር መገናኛው ላይ የነበረ አንድ ማጋጠሚያ ብረት ከአራቱ ቡሎኖች ሦስቱ ለቀውት፣ በአራተኛው ላይ ዞሮ በመንኰራኵሩ መንገድ ውስጥ ገባ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ረቂቅ ጥበብ ባለበት አገር፣ በብየዳ ዘመን፣ በ1847 ዓ.ም. የታሰበው ብረት የሚጠይቀው ያንኑ ጥንታዊ ነገር ነው፤ ይኸውም ዳዶው መጥበቁን በዓይንና በቍልፍ ማረጋገጥ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሐዲድም ይሠራል።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

አገራችን በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን ባለ 1 ሜትር ስፋት መስመር ለብዙ ዘመን ስትጠቀም ከቈየች በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራውንና 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን አዲስ መስመር መርቃለች። ሁለቱም ከባሕር ጠረፍ ቆላ ተነሥተው ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ደጋ የሚወጡ ናቸው። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር የተመረጠው 27 ዲግሪ ለጅቡቲና ለድሬዳዋ ቆላ አይበጅም፤ ለቆላው የሚበጀውም ለደጋው ሌሊት ላይስማማ ይችላል። ልኩን ከመጽሐፍ ከመቅዳት ይልቅ የየአካባቢውን የሐዲድ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ መለካት ያስፈልጋል። ይህም ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሊሠራው የሚችል ጥናት ነው።

ከላይ ያየናቸው ሁለቱ አደጋዎች የደረሱት ጥበቡ ስላልታወቀ አይደለም፤ የቀዳዳው ስንጥቅም ሆነ የቡሎኑ መላላት ሥራውን ለሚያውቁ ሁሉ የታወቀ ነገር ነበር። የጐደለው በጊዜው ማየትና በጊዜው ማጥበቅ ነው። ስለዚህ በባቡር ሥራ ላይ የሚሰማራ መሐንዲስ ፍጥነቱንና ጭነቱን በሚያሰላበት ወረቀት ላይ፣ መስመሩን በእግሩ እየሄደ የሚመረምረውን ሠራተኛ ደመወዝ፣ ቍልፍና የሥራ ሰዓትም አብሮ ሊያሰላ ይገባዋል እንላለን።