ሠዓሊዋና ዛፎቿ

ከሥራና ከጓዳ የሚተርፍ ጊዜ ያጣችሁ እናቶች የካናዳዊቷ ሠዓሊ የኤሚሊ ካር ነገር ይገባችኋል። በ1913 እ.ኤ.አ. በቪክቶሪያ ከተማ የሚከራይ ቤት ካሠራች ወዲህ ተከራይ ስታስተናግድ፣ ውሻ አርብታ ስትሸጥ፣ ሸክላ ስትሠራ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ብሩሽ የያዘችው ከስንት አንዴ ነበር። በ1927 ሥዕሎቿ በኦታዋ ለትርኢት ሲቀርቡ 55 ዓመት አልፏት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ጫካ መለሰች። አስቀድማ ግንድና ቅርንጫፉን በከሰል ብቻ ነደፈች። ቆይታም ሸራ ውድና ለመሸከም የማይመች ስለሆነባት፣ የዘይት ቀለም በቤንዚን እያቀጠነች (ከእሳት አርቃ መሆን አለበት!) በርካሽ ወረቀት ላይ መሳል ጀመረች። ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፤ እጇም አብሮ ፈጠነ። በዛፎቹ መካከል የሚያልፈው ነፋስ ሳይቀር በወረቀቱ ላይ ታየ። በ1933 አሮጌ ተጎታች ቤት ገዝታ፣ ውሾቿንና ጦጣዋን ይዛ ከዛፎቿ ሥር ሰፈረች።