ዳገቱስ ይታያል፣ ንፋሱ እንጂ

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የብስክሌት ጉዞ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አራት ወር ያህል ይፈጃል። ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ደጀን ላይ ከአባይ በረሃ አፋፍ ይደርስ ነበር። የሚወራውም ስለዚያ ገደል ብቻ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ጎሃ ጽዮን። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አንቆ መያዝ ቸርኬውን አግሎ ካመራዳሪ እንደሚያፈነዳ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ሰው የሚንቀው ንፋሱን ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው፣ አየሩ የሚገፋው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በቡድን መንዳት ለጨዋታ ብቻ የሚመስላቸው እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ከፊተኛው ጎማ ሥር ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ለዚህ ነው ፊት መሆን በተራ የሚሆነው።

የእኔ ፍቅር ግን የጎን ንፋስ ነው። ከግራ ሲመጣ ከለላው ከፊተኛው በስተቀኝ ይሆናል፤ ሰልፉም ሰያፍ ይሠራል። መሪው ወደ አስፋልቱ መሃል ጠጋ ብሎ ቦታ ካልለቀቀ፣ የኋለኞቹ ጠርዙ ላይ ተለጥፈው ንፋሱ ሲገርፋቸው ይውላል። መንገዱ ሲጠብ ሰልፉን ለሁለት መክፈል ነው እንጂ አሥራ አምስት ሰው በአንድ ሰያፍ አይከለልም። አይሱዙ በግራ ሲያልፍ ደግሞ ንፋሱ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ሲገፋ የነበረው ብስክሌተኛ ድጋፉን ያጣና ወደ መኪናው ይሳባል። መኪናው እንዳለፈ ንፋሱ መልሶ ወደ ቀኝ ያላትመዋል። ድምፁን ስትሰሙ ክርናችሁን ላላ አድርጉ፣ ከፊታችሁ ካለው ጎማም ራቅ በሉ። የፊት ጎማችሁን ከሰው የኋላ ጎማ ጎን አስገብታችሁ የምትነዱ ሰዎች፣ ሌላውን ይዛችሁ እንደምትወድቁ እወቁት።

አንድ ጊዜ በቡድን ስንነዳ፣ ደጀን ሳንደርስ ባለው ሜዳ አንድ ጎረምሳ ተራው ሲደርስ ጉልበቱን ሊያሳየን ፈትለክ አለ። ሰልፉ ተበጣጠሰ። እሱንም ብቻውን ከንፋሱ ጋር ጥቂት ከታገለ በኋላ መልሰን ያዝነው። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሰውዬ፣ «ልጄ፣ ፊት ያወጣንህ እንድትከልለን እንጂ እንድታመልጠን አይደለም» አሉት። ዝም ብሎ ውሃውን ጠጣ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የአባይን ድልድይ እስክትሻገሩ ነው። ሽቅቡ ላይ ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ስለሚወርድ የሚከለል ንፋስ የለም፤ ሰልፍ ካልጠበቅን ማለት ደካማውን ማሰቃየት፣ ብርቱውንም ማናደድ ነው። ሁሉም በአቅሙ ይውጣ፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ሻይ እየጠጡ መጠባበቅ ይቻላል። የመጨረሻው ሰው ሲደርስም፣ እናንተ አርፋችሁ እሱ ገና ሳይተነፍስ «በሉ እንሂድ» አትበሉ።