ገጹ ሳይከፈት ሒሳቡን መፈተን

ወዳጆቼ፣ አንድ የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ አስቡ። ደንበኛው ብዛቱን ሲያስገባ ጠቅላላ ዋጋው ይወጣል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ለገዛ 10 በመቶ ይቀነስለታል። አንዱ ዕቃ 40 ብር ቢሆን፣ 9 የገዛውም 10 የገዛውም እኩል 360 ብር ይከፍላሉ። ሒሳቡ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ብራውዘር ከፍቶ ቁጥር እያስገቡ ማየት ይቻላል፤ ግን ኮዱ በተነካ ቁጥር ማን ይደግመዋል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው! ጎግል ያወጣው የጃቫስክሪፕት ማዕቀፍ አንጉላርጄኤስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 1.5 ስሪቱ፣ ገጽን ኮምፖነንት በሚባሉ ክፍሎች መሥራትን አቀለለ። ኮምፖነንት ለዓይን የሚታይ ቴምፕሌትና ከጀርባው ሒሳቡን የሚሠራ ኮንትሮለር አለው። ኮንትሮለሩን ከቴምፕሌቱ ነጥሎ የሚያወጣልን ደግሞ ኮምፖነንትኮንትሮለር የሚባለው የመፈተኛ አገልግሎት ነው። ሦስት ነገር እንሰጠዋለን፦ የኮምፖነንቱን ስም፣ በእውነተኞቹ ፈንታ የሚገቡ አስመሳይ አገልግሎቶችን፣ ከውጭ የሚመጡለትን እሴቶች። ለእኛ ምሳሌ ዋጋ 40፣ ብዛት 10 ብለን ብንሰጠው ይበቃል። ገጽም ሰርቨርም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያደናግራል። ኮምፖነንቱ ሥራ ሲጀምር የሚጠራ ኦንኢኒት የሚባል ፈንክሽን አለ፤ የመጀመሪያው ስሌት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። ድረ ገጹ ላይ ማዕቀፉ ራሱ ይጠራዋል። በፈተናው ላይ ግን የሚጠራው የለም፤ እኛው ካልጠራነው ጠቅላላው ዋጋ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ ኮንትሮለሩን ነጥለን ስናወጣ፣ ማዕቀፉ ይሠራለት የነበረውን ሥራ የምንሠራለት እኛ ነን። ይህ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው።

በቴምፕሌቱ ላይ ያለ ቁልፍ ከተሳሳተ ፈንክሽን ጋር ቢገናኝ ይህ ፈተና አያየውም፤ ቴምፕሌቱ የራሱ ፈተና ይፈልጋል። የሒሳብ ስሕተት ግን ተገቢውን ቁጥር ከሰጠነው አያመልጠውም። ፕሮግራመሩ «10 እና ከዚያ በላይ» በማለት ፈንታ «ከ10 በላይ» ብሎ ቢጽፍ፣ 9ም 11ም ልክ ይመጣሉ፤ 10 ብቻ 400 ብር ይወጣዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ 10ን ፈትኑ።