ዘፈን ከሲዲ ስንቀዳ ኮምፒዩተሩ ለምን ቀጥ ይላል?



የአገራችንን ዘፈን የያዙ የቆዩ ሲዲዎች ሳይበላሹ ወደ ኮምፒዩተር መቅዳት ተገቢ ነው። ሆኖም በሥራው መካከል ኮምፒዩተሩ ቀጥ ካለ ያልተቀመጠ የጥናት ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መንሥኤውን ለይተን ማወቅ ይገባናል።

አንደኛ፤ ሲዲው የተጫረ ከሆነ ማንበቢያው ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል፤ ኮምፒዩተሩም እሱን ሲጠብቅ ይቆማል። ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ እንጥረገው፤ የመቅጃውንም ፍጥነት እንቀንስ።

ሁለተኛ፤ ሁለት የመቅጃ ፕሮግራሞች የሚተክሏቸው ድራይቨሮች ሊጋጩ ይችላሉ። አንዱን ብቻ አስቀርተን ሌላውን በራሱ ማራገፊያ እናስወግድ፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍተን እናስነሣ።

ሦስተኛ፤ ጥፋቱ ከሲዲው ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ ቅጂን ለመገደብ በአንዳንድ ሲዲዎቹ ላይ ኤክስሲፒ የተባለ ፕሮግራም ጨምሮ መሸጡ ተጋለጠ። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ውስጥ ይደበቃል፤ በዘፈቀደ ሲነቀልም የሲዲ ማንበቢያውን ከሥራ ውጪ ሊያደርግ ይችል ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሲዲዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። ስለዚህ ሲዲ ሲገባ በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም አንፍቀድ።

ከሁሉ አስቀድመን ግን ጽሑፋችንን በሌላ ቦታ ገልብጠን እናስቀምጥ። ዘፈን ዳግመኛ ይቀዳል፤ የፈሰሰ ውኃ ግን አይታፈስም።