የትልቁ ዕረፍት ወራትና የሒሳብ «ዬሒዶት»

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ጠየቁን። «ልጄ ጎንደር ሳለ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። እዚህ ግን ሦስት ዬሒዶት ውስጥ አስገቡት። ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። በመጪው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይገባል፤ ሐሳቡም ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ነው።

ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። ሒሳቡን ያውቃል፤ የጎደለው ሒሳቡ የሚጻፍበት ዕብራይስጥ ነው። ይህ የብዙ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ጉዳይ በመሆኑ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት ወደድን።

እንደሚታወቀው የባግሩት የሒሳብ ፈተና በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዬሒዶት ይሰጣል። በሦስቱም የባግሩት ምስክር ወረቀት ስለሚገኝ፣ ወላጅ ልዩነቱን የሚረዳው ብዙ ጊዜ ልጁ ለኮሌጅ ሲያመለክት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስና ምሕንድስና የሚያስተምሩ ክፍሎች በአብዛኛው 4 ወይም 5 ዬሒዶት ያለውን ይመርጣሉ። 5 ዬሒዶት ያለፈ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤቱን ሲያሰላ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። በ3 የቀረ ልጅ በሩ ፈጽሞ ባይዘጋበትም መንገዱ ይረዝምበታል።

ከኢትዮጵያ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። «ኢኩዌሽን» ሲባል ያውቃል፤ «ሚሽቫኣ» ሲባል ግራ ይገባዋል። «ዴሪቫቲቭ» ሠርቷል፤ «ኒግዜሬት» የሚባለው ያው መሆኑን ግን የነገረው የለም። ስለዚህ በዕረፍቱ ወራት የመጀመሪያው ሥራ አንድ ደብተር ገዝቶ በሦስት ረድፍ ማስመር ነው፤ ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ። ሁለት መቶ ያህል ቃላት ከተጻፉና ከተጠኑ፣ የጠፋ የመሰለው እውቀት ይመለሳል። ደግሞም ቃላቱ ሁሉ ባዕድ አይደሉም። ክፍልፋይ በዕብራይስጥ «ሼቨር» ይባላል፤ ከእኛው «ሰበረ» ጋር አንድ ሥር ነው። ኮምፒውተር «ማሕሼቭ» ነው፤ ይህም «ሐሰበ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ዘመድ ሲሆን «ሒሳብ»ም ከዚያው ቤተሰብ ነው።

እዚህ አገር በጁላይና በኦገስት ዝናብ ባይኖርም «ሆፌሽ ጋዶል»፣ ትልቁ ዕረፍት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጁን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ተዘግተው ሴፕቴምበር 1 ቀን ይከፈታሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ግን የሚከፈቱት ከጥቅምት በዓላት በኋላ ነው። ስለሆነም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰና ሠራዊት ሳይገባ ወይም ከሠራዊት ወጥቶ ትምህርት የሚጀምር ወጣት አራት ወር ያህል በእጁ አለ ማለት ነው።

«በጥቂት ሳምንታት ምን ይማራል?» ለሚሉ የአዲስ አበባን ምሳሌ እናንሳ። እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ጄላኒ ኔልሰን፣ ቀደም ሲል በሃርቫርድ፣ አሁን በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ክረምት «አዲስኮደር» የተባለ የነፃ ትምህርት በአዲስ አበባ ጀመሩ። ከዚያ በፊት አንድ መስመር ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአራት ሳምንታት ውስጥ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና አልጎሪዝም ይማራሉ። ከእነዚያ ልጆች መካከል በኋላ በዓለም ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የገቡ አሉ። ምስጢሩ ተማሪው የሰማውን በዚያው ቀን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እየተሳሳተ መሥራቱ ላይ ይመስለናል።

ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስና ከኢትዮጵያ መንገድ እንነሣ። የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ይህን ጠባብ መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ የኖረው በዚሁ ነው፤ «ሚሎን»፣ ማለትም መዝገበ ቃላት የሚለውን ቃል የፈጠረውም እሱ ነው። (የሦስት ረድፍ ደብተር የያዘ ልጅ በዚያ ሲያልፍ ቢያስታውሰው አይከፋም።) ከዚያ ወደ ረሖቭ ሃኔቪኢም ስትወጡ በቁጥር 37 ሀዳሳ አካዳሚክ ኮሌጅ አለ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1888 ለሮትሺልድ ሆስፒታል የተሠራ ሲሆን ዛሬ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የሚሰጥበት ኮሌጅ ነው። በባቡር ለሚመጣ ዳቪድካ ጣቢያ ቅርብ ነው። ገብታችሁ የመመዝገቢያውን ክፍል ብትጠይቁ የሚከለክላችሁ የለም። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ደግሞ በጊቭዓት ራም ናቸው።

በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው ስለ «መኺና» ነው። መኺና ከኮሌጅ በፊት የሚወሰድ መሰናዶ ሲሆን፣ በባግሩት የጎደለውን ሒሳብ ለማሟላት ያስችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ወደ «ሚንሃል ሃስቱዴንቲም» ሂዱ፤ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ የሚረዳ መሥሪያ ቤት ነው። የዕድሜና አገር ውስጥ የቆዩበት ዘመን ገደብ ስላለው ሳይዘገይ መጠየቅ ይገባል። ከሠራዊት የተሰናበተም የሚሰጠውን «ፒካዶን» ለትምህርት ሊያውለው ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ በር አለ። ክፍት ዩኒቨርሲቲ፣ በዕብራይስጥ «ሃኡኒቨርሲታ ሃፕቱሓ»፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሲያስመዘግብ ባግሩትም ሆነ ፕሲኾሜትሪ አይጠይቅም። የበጋ ሴሜስተርም አለው። አንድ ኮርስ ብቻ ወስዶ መሞከር ይቻላል። ነገር ግን የበጋው ሴሜስተር አጭርና ሩጫ የበዛበት ስለሆነ ዕብራይስጡ ላልጠነከረ ልጅ አንመክርም። ለእሱ የሚሻለው «ካምፑስ አይኤል» በተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ትምህርት ላይ በነፃ የሚገኘው የፓይተን ኮርስ ነው፤ ያልገባውን ደጋግሞ ይሰማዋል።

የፕሲኾሜትሪ ፈተና ከ200 እስከ 800 ነጥብ አለው። የሒሳቡ ክፍል ያለ ካልኩሌተር ይሠራል፤ በዚህ ረገድ በእጁ ማስላት የለመደ የእኛ ልጅ ከሌላው አያንስም። ለውድ የግል ኮርስ ከመክፈል በፊት ፈታኙ ተቋም ራሱ በነፃ ያወጣቸውን የቀድሞ ፈተናዎች ሠርቶ ማየት ይገባል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ብዙ ልጆች ዕረፍቱን በሱፐርማርኬትና በሆቴል ሥራ ያሳልፋሉ። ቤተሰቡ ገንዘቡን ይፈልገዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው «ሥራ ይቅርበት» የሚለው። እኛ የምንለው ከአሠሪው ጋር ገና ከመጀመሪያው ተነጋግሮ በሳምንት ሦስት ጧት ለሒሳብ ማስቀረት ነው። በኋላ ልጠይቅ ያለ ልጅ ሰዓቱ ሁሉ ይያዝበታል።

ለጠየቁን እናትም ይህንኑ አልናቸው፤ አንድ ነገር ግን ጨመርንላቸው። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ወደ «ዮዔጸት»ዋ እና ወደ ሒሳብ ኃላፊው ሄደው፣ የ4 ዬሒዶት ክፍል እስካሁን የተማረው የትኛውን ምዕራፍ እንደሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይቀበሉ። ልጁ በኦገስት መጨረሻ ተፈትኖ ክፍል መቀየር ይችል እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁ። የጎንደሩን የውጤት ካርድ ከነትርጉሙ ይዘው ይሂዱ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ታናናሾቹም አያስጠኑትም ብለውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በክኔሴት አጠገብ በተከፈተው አዲሱ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ የንባብ አዳራሽ አለ። መግቢያው በነፃ ነው፤ በኦገስት ሙቀትም ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።